ገበያ፣ መንግሥትና የነጋዴው አማና

(ለመስጂዳችን ጀማዓ ከዒሻ ሶላት በኋላ የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።



ኮሚቴው እንድናገርበት የሰጠኝ ርእስ መንግሥት ለንግድና ለአገር ልማት የሚያደርገው ድጋፍ ነው። እኔ የምጣኔ ሀብት ምሁር አይደለሁም። ያደግሁት በመድረሳ ሲሆን ዘመናዊውንም ትምህርት እስከ ሁለተኛ ደረጃ ተከታትያለሁ። ይሁን እንጂ የምኖረው መሳለሚያ ነው፤ በመሳለሚያ እየኖረ፣ እህል በረንዳን በየቀኑ እያየ ስለ ገበያ ምንም ያልተማረ ሰው ቢኖር የሚገርም ነው። ከእናንተም አብዛኞቻችሁ ነጋዴ፣ ደላላ፣ ወዛደር፣ የመጋዘን ሠራተኛ፣ ወይም የእነዚህ ልጆች ናችሁ።

ከጁሙዓ በኋላ ሰዎች ሲያነጋግሩኝ ሁለት ዓይነት አቤቱታ እሰማለሁ። አንዱ “መንግሥት ለነጋዴው ምን አደረገለት?” ይላል። ሌላው “መንግሥት እጁን ያንሳልን፤ ሌላ አንፈልግም” ይላል። አንዳንድ ጊዜም ጧት የመጀመሪያውን፣ ማታ ሁለተኛውን የሚናገረው ያው አንድ ሰው ነው። ስለዚህ ዛሬ ማየት የምፈልገው የትኛው የመንግሥት ድጋፍ ገበያን እንደሚያቆም፣ የትኛውስ እንደሚያፈርስ፣ ድጋፉ ሲመጣም ከእኛ ከነጋዴዎቹ ምን እንደሚጠበቅ ነው።

እንደሚታወቀው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ነጋዴ ነበሩ፤ የኸዲጃን (ረ.ዐ.) ንብረት ይዘው እስከ ሻም ተጉዘዋል። ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ.) ከመካ ተሰደው ባዶ እጃቸውን መዲና ሲገቡ፣ የመዲናው ወንድማቸው ከሀብቱ ሊያካፍላቸው ቢፈልግ አመስግነው የጠየቁት የገበያውን መንገድ ብቻ ነበር። አይብና ቅቤ በመሸጥ ጀመሩ፤ ኋላም ከታላላቆቹ ሀብታሞች አንዱ ሆኑ። እንግዲህ ለነጋዴ የመጀመሪያው ድጋፍ ወደ ገበያው የሚወስደው መንገድ ክፍት መሆኑ ነው።

ነቢያችን በመዲና የሁሉም የበላይ ሆነው ሳለ በገበያው ውስጥ ምን አደረጉ? ዋጋ በወጣ ጊዜ ሰዎች መጥተው ዋጋ ይቁረጡልን ሲሏቸው አልፈቀዱም፤ በማንም ደምና ገንዘብ ላይ በደል ሳይኖርባቸው ከአላህ ጋር መገናኘት እንደሚሹ ገለጹ። (በኋላ የመጡ ዑለማዎች እህል አከማችቶ ሕዝብን የሚያስርብ ሲኖር ባለ ሥልጣን ጣልቃ እንዲገባ ፈቅደዋል፤ ይህ ራሱን የቻለ ትምህርት ስለሆነ ለሌላ ቀን ይቆየን።) ዋጋ አልቆረጡም እንጂ ገበያውን ግን አልተዉትም። በገበያው መካከል ሲያልፉ እጃቸውን ወደ አንድ የእህል ክምር ሰደዱ፤ ጣታቸው እርጥበት አገኘ። ባለቤቱን ቢጠይቁት ዝናብ መታው አላቸው። ታዲያ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ለምን አላደረግኸውም ብለው፣ የሚያታልል ከእኛ ወገን አለመሆኑን ነገሩት።

ልብ በሉ፤ እህሉን አልወረሱበትም፤ አትሽጠውም ወይም አርክሰህ ሽጠውም አላሉትም። ከታች ያለው ከላይ ይታይ ነው ያሉት። ባላገሩን ገበያ ሳይደርስ ከመንገድ ላይ መቀበልን የከለከሉትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ባላገሩ የገበያውን ዋጋ ሳያውቅ እንዳይሸጥ። በእኔ አስተያየት አንድ መንግሥት ለገበያ የሚያደርገው ትልቁ ድጋፍ በእነዚህ ውስጥ ይገኛል፤ መንገዱን መክፈት፣ ሚዛኑን መጠበቅ፣ የተደበቀውን ማስገለጥ።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። መርካቶ ራሷ የተወለደችው በመንግሥት ውሳኔ ነው፤ ያውም በክፉ ውሳኔ። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ትልቁን ገበያ ከቦታው አንሥቶ፣ ለአገሬው ሰው ይሁን ብሎ ወደዚህ ገፋው፤ ፒያሳን ለራሱ አስቀረ። የታሰበው ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት ነበር። የተገፋው ገበያ ግን ገፊውን አልፎ የአገሪቱ ትልቁ ገበያ ሆነ። ለዚህ ካበቁት መካከል አያሌዎቹ አባቶቻችን ናቸው። በቀድሞው ዘመን መሬትና ሹመት ለሙስሊሙ በአብዛኛው ዝግ ስለነበረ በንግድና በሽመና ከመኖር በቀር ምርጫ አልነበራቸውም። ከየመን የመጡ ዐረቦችም፣ ከጉራጌ አገር የመጡ ወጣቶችም በዚሁ ገበያ ጎን ለጎን ቆመዋል።

የእህሉ ነገር ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። በ1960ዎቹ ማብቂያ በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። ገበሬው በማኅበሩ በኩል ኮታ ተጥሎበት በተቆረጠ ዋጋ ለኮርፖሬሽኑ እንዲያስረክብ ተገደደ። የግል እህል ነጋዴው በአንዳንድ ክፍለ ሀገር ጨርሶ ታገደ፤ በሌላው ደግሞ ከገዛው ግማሽና ከዚያም በላይ በዚያው በተቆረጠ ዋጋ እንዲያስረክብ ተደረገ። በየመንገዱ ኬላ ቆመ። ሐቁን ለመናገር፣ የአዲስ አበባ ሰው በቀበሌ ሱቅ በርካሽ የሚያገኘው እህል ነበር፤ ይህን ያዩ እናቶች ዛሬም ያስታውሱታል። ነገር ግን ዋጋው ከገበያው በታች ስለነበረ እህሉ መደበቅ ጀመረ። ገበሬው ከሚያስረክብ ይልቅ መቅበርን መረጠ፤ ነጋዴው በሌሊት በአህያ ጭኖ ኬላውን ማለፍ ለመደ፤ የኬላው ጠባቂም ኪሱን ማየት ለመደ። ትርፍ ካለበት አገር ወደ ጎደለበት አገር እህል መሄድ ሲገባው መንገድ ላይ ታሰረ። መንግሥት ነጋዴውን ልደግፍ ሳይሆን ነጋዴውን ልተካ ባለ ጊዜ ገበያው ከሰው ዓይን ተሰወረ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ ኮታውና ኬላው ሲነሣ፣ እህል በረንዳ ያለ ብዙ ወጪና ያለ ማንም አዋጭ ጥናት እንደገና ነፍስ ዘራ። ለዚያ ጊዜ የመንግሥት ትልቁ ድጋፍ እጅን ማንሣት ነበር።

ሆኖም እጅ ማንሣት ብቻ ሁልጊዜ አይበቃም። እህል በረንዳ ያለው ደላላ ሥራው ምንድን ነው? ከጎጃም ወይም ከአርሲ የሚልክ ነጋዴና ከድሬዳዋ ወይም ከመቀሌ የሚገዛ ነጋዴ አይተዋወቁም፤ ደላላው ጆንያውን ወግቶ ናሙናውን መዳፉ ላይ አድርጎ አይቶ፣ ለገዢው ዓይን ይሆንለታል። ማኛውን ከሰርገኛው፣ ንጹሑን ከግርዱ የሚለየው እሱ ነው። ከዚህም ላይ በኩንታል የተወሰነች ኮሚሽን ያገኛል። ይህ ሁሉ የሚቆመው በአማና ነው። ስለ ደላላ በሐዲስ የመጣውን የምታውቁ ትጠይቁኛላችሁ፤ የከተማው ሰው ለባላገሩ እንዳይሸጥለት ተከልክሏል፤ ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ.) ሲጠየቁ ደላላ እንዳይሆንበት ማለት ነው ብለው ተርጉመውታል። ዑለማዎች በብዛት እንደሚያስረዱት ነውሩ ያለው የባላገሩን አለማወቅ ተጠቅሞ ዋጋን በመስቀልና ሕዝቡን በመጉዳት ላይ ነው፤ በግልጽ ዋጋ ለሁለቱም በእውነት የሚያገለግል ሰው ክፍያው ሐላል ነው ያሉ ብዙዎች ናቸው። እንግዲህ ልዩነቱ የሚመጣው ዋጋውን በመግለጥና በመደበቅ ነው።

መንግሥት በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ አቋቁሞ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ይህንኑ ችግር ለመፍታት የታሰበ ነበር። የመጀመሪያዋ ሥራ አስኪያጅ ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ከዚያ በፊት ያጠኑት ይህንኑ የእህል ገበያና የደላሎቹን አሠራር ነው። እህሉ መጋዘን ገብቶ ይመዘናል፤ ደረጃው ይወጣል፤ ባለቤቱ የመጋዘን ደረሰኝ ይይዛል፤ ገዢው ያላየውን ምርት በደረጃው አምኖ ይገዛል። በየገጠሩ ከተማ የዋጋ ሰሌዳ ተተከለ፤ በስልክም ዋጋ መጠየቅ ተቻለ። ይህ የመጨረሻው ነገር ከመንገድ ላይ መቀበልን ከከለከለው ሐዲስ መንፈስ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ እናንተው ፍረዱ።

ገበያው በበቆሎና በስንዴ ቢጀምርም እህሉ እምብዛም አልመጣለትም። የቆመው በ2001 ዓ.ም. ቡና ሲገባበት፣ ኋላም ሰሊጥ ሲከተል ነው፤ እነዚህ በሕግ ግዴታ የገቡ ናቸው። እህል በረንዳ ግን እንዳለ ቀረ። ምክንያቱን አንዳንዱ ከነጋዴው ኋላ ቀርነት ያደርገዋል፤ እኔ ይህን አልቀበልም። ሃያ ኩንታል ጤፍ የያዘ ሰው ሩቅ መጋዘን ድረስ ሄዶ ወረፋ ከሚጠብቅ የሚያውቀውን ደላላ በስልክ ቢያገኝ ይቀለዋል። ወረቀት አማናን መተካት የሚችለው ከአማናው ይልቅ ቅርብ፣ ርካሽና እርግጠኛ ሲሆን ነው። መንግሥትም ድጋፉን ሲያቅድ በትልቁ ላኪ ዓይን ብቻ ሳይሆን በዚህ ሰው ዓይን ቢያይ መልካም ነበር።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ይህ ለእኛ ጀማዓ ከሁሉም የቀረበ ጉዳይ ነው። ወለድ ሐራም በመሆኑ ብዙዎቹ አባቶቻችን ከባንክ አልተበደሩም። ገንዘባቸውን ወይ ቤት ውስጥ አስቀመጡ፣ ወይ ያለ ወለድ ባንክ አኖሩ፤ ንግዳቸውን ያሰፉት በእቁብ፣ በዱቤና በዘመድ ነው። ጎረቤታቸው በብድር መጋዘን ሲሠራ እነሱ በረንዳ ላይ ቆዩ። ይህ የግል ምርጫችን ነበር ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ግን በአገሪቱ ሕግ ሌላ በር ስላልነበረ ምርጫ ነው ለማለት ያስቸግራል።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ከወለድ ነፃ ባንክን በስም ጠቀሰ። ብዙ ሰው ተስፋ አድርጎ በምሥረታ ላይ ከነበረው ዘምዘም ባንክ አክሲዮን ገዛ። በ2004 ዓ.ም. መግቢያ የመጣው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ግን የፈቀደው መደበኛ ባንኮች በመስኮት እንዲሰጡት ብቻ ነበር፤ ሙሉው ባንክ ቆመ። በመስኮት የጀመሩት ባንኮች፣ ንግድ ባንክንም ጨምሮ፣ ጥቂት የማይባል ሰው አስተናገዱ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በረመዳን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሙሉ ከወለድ ነፃ ባንክ እንደሚፈቀድ ተናገሩ፤ ብዙም ሳይቆይ መመሪያው ወጣ። ዘምዘም በሰኔ 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራም ተከተለ፤ ከዚያም ሸበሌና ራሚስ መጡ። በአዋጁ ላይ ከተጻፈበት ዓመት በሩ እስከ ተከፈተበት ድረስ 13 ዓመት ማለት ነው። አልሐምዱሊላህ፤ ግን 13 ዓመት በአንድ ነጋዴ ዕድሜ ውስጥ ቀላል አይደለም።

በሩ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ሌላ ነገር አየን። ሙራበሓ የሚባለው አሠራር ቀላል ነው፤ ባንኩ የምትፈልገውን እህል ወይም ዕቃ ራሱ ገዝቶ፣ በእጁ አስገብቶ፣ ስንት እንደገዛና ስንት እንደሚያተርፍ ነግሮህ በጊዜ ገደብ ይሸጥልሃል። ለዚህም ብዙውን ጊዜ ቤት ወይም መኪና ዋስትና ይጠይቃል፤ በረንዳ ላይ ያለው ደግሞ ቤት የለውም። ለእሱ የሚሆነው ሙሻረካ ነበር፤ ትርፍና ኪሳራን መካፈል። ታዲያ አንድ የባንክ ሰው፣ ሒሳቡን ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ከያዘ ነጋዴ ጋር ትርፍ እንዴት ይካፈላል? ትርፉ ስንት መሆኑን በምን ያውቃል? ለዓመታት የለመንነው በር ሲከፈት፣ ለመግባት የሚያስፈልገው መዝገብ የብዙዎቻችን ሱቅ ውስጥ የለም።

ይህን የምለው ጊዜው ስለ ጠበበ ነው። በ2016 ዓ.ም. ለውጭ ባለሀብት ዝግ ሆኖ የኖረው የገቢና የወጪ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በመመሪያ፣ ከነ ቅድመ ሁኔታው፣ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ወደ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሽማግሌዎቻችን በ1985 ዓ.ም. ከ2 ብር ከ7 ሣንቲም ወደ 5 ብር የሄደውን ያስታውሱ ይሆናል። ከዚያ በፊት ሰሊጡን ውጭ አገር በኪሳራ ሸጦ፣ በተገኘው ዶላር ዕቃ አስመጥቶ እዚህ ሕዝቡ ላይ ኪሳራውን የሚያወጣ ላኪ ነበረ፤ ይህን የማያውቅ የመርካቶ ሰው የለም። ለውጡ ይህን መንገድ ቢዘጋ መልካም ነው። ለ38 ዓይነት ዕቃ ተከልክሎ የነበረው የውጭ ምንዛሬም ተፈቀደ። በሌላ በኩል ትንሹ ነጋዴ በነበረው ብር ያንኑ ያህል ዕቃ መልሶ መሙላት አልቻለም፤ ካፒታሉ ሳይነካ ግማሹን ያጣ ያህል ሆነ። እንዲህ ባለ ጊዜ መንግሥት መንገዱን ለትልቁ ሲከፍት ለትንሹ የሚሸጋገርበት ፋታ ማሰብ ነበረበት እላለሁ።

ከዚያም የደረሰኝ ጉዳይ መጣ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ያለ ደረሰኝ የሸጠ 100 ሺህ ብር ይቀጣል ተብሎ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ የመርካቶ ብዙ ሱቆች ተዘግተው ዋሉ። ዕቃ ይወረሳል የሚል ወሬም ተናፈሰ። ቸርቻሪው አስመጪውና ጅምላ ሻጩ ደረሰኝ ሳይሰጡኝ እኔ ከየት አምጥቼ ልስጥ ይላል። እውነቱን ነው። ስለዚህ ነገሩን ከላይ መጀመር ነበረበት፤ ተቆጣጣሪው ከትልቁ መጋዘን ሳይጀምር ከበረንዳው መጀመሩ ፍትሕ አይደለም። መደለያ የሚቀበል ተቆጣጣሪ ካለም የነቢያችንን ተግሣጽ ይስማ፤ ዘካ ሊሰበስብ የተላከ ሰው ተመልሶ ይህ የእናንተ፣ ይህ ደግሞ ለእኔ የተሰጠኝ ስጦታ ነው ቢላቸው፣ እናትና አባቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ይህ ስጦታ ይመጣለት እንደሆነ ጠይቀዋል።

ግን በዚህ መስጂድ ውስጥ ከላይ ያሉትም ይሰግዳሉ። አስመጪም ጅምላ ሻጭም በፊቴ ተቀምጠዋል፤ አትቀየሙኝ። በ10 ሺህ ብር ሽጦ በ4 ሺህ ደረሰኝ መቁረጥ ከቀረጥ መሸሽ ብቻ አይደለም፤ በጽሑፍ የተደረገ የሐሰት ምስክርነት ነው። ሸክሙንም ከእናንተ በታች ወዳለው ደሀ ቸርቻሪ ማሸጋገር ነው፤ ቅጣቱ የሚያርፈው በእሱ ላይ ነውና። ቀረጡ በዝቷል የሚል ክርክር ካለ፣ ክርክሩ በግልጽ፣ በንግድ ምክር ቤትና በማመልከቻ ይቅረብ። እርጥቡን እህል ከታች ደብቆ ስለ ዝናቡ ማማረር ግን አይሆንም።

በቅዱስ ቁርኣን ረጅሙ አያ ስለ ሶላት ወይም ስለ ጾም አይደለም፤ ዕዳን ስለ መጻፍ ነው። በበቀራ ምዕራፍ 282ኛው ነው፤ ትንሽም ቢሆን ትልቅ፣ እስከ ጊዜው ድረስ ለመጻፍ እንዳንሰለች፣ ጸሐፊውም በትክክል እንዲጽፍ፣ ምስክርም እንዲቆም ያዛል። እኛ በመሳለሚያ “ቃሌ ነው” ማለትን እንወዳለን፤ ክቡር ነገር ነው። ግን ባለ ቃሉ ሲሞት ዱቤው ከልጆቹ ጋር ስንት ጊዜ አጣልቷል? ለዚህ ፍርድ እኔ ዘንድ የመጡትን ቤተሰቦች አላህ ያውቃቸዋል።

ስለዚህ ለኮሚቴው ያቀረብኩትን ሐሳብ ለእናንተም ልንገራችሁ። በጀማዓችን ውስጥ የሒሳብ መዝገብ ትምህርት የተማሩ ወጣቶች አሉ። ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለው ጊዜ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ በመድረሳው ክፍል ተቀምጠው መዝገብ መያዝ ለሚፈልግ ነጋዴ ያለ ክፍያ ያስተምሩ። ሁለተኛ፣ የእህልና የሸቀጥ ነጋዴዎች ሽማግሌዎች መርጠው ቁጥጥሩ ከጅምላው እንዲጀምርና ለትንሹ ነጋዴ ጊዜ እንዲሰጠው በጽሑፍ ለክፍለ ከተማው ያቅርቡ፤ ጽሑፉን ለማዘጋጀት እኔም አግዛለሁ። ሦስተኛ፣ ከወለድ ነፃ ባንኮች ቤት ለሌለው ግን መዝገብ ላለው ነጋዴ በሙሻረካ እንዲሠሩ ተወካዮቻቸውን እዚህ ጋብዘን በፊታችሁ እንጠይቃቸው። ስም መመዝገብ የምትፈልጉ ወንድሞች ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት የኮሚቴውን ጸሐፊ በበሩ በኩል ታገኙታላችሁ፤ እህቶችም በሴቶች በኩል ያለችው ተወካይ ትመዘግባችኋለች።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።